ሁለቴ ፈጥኖ፣ አንዴ ዘግይቶ

በእኛ ግቢ በግ በዱላ አይነዳም። ውሻ አይለቀቅበትም፣ አይጮኽበትም፣ እግሩን ተይዞ አይጎተትም። አባቴ ያወጣው ሕግ ነው፤ እኔ ስወለድም ነበረ። በጎቹን የምንጠራው በባልዲ ነው። ባልዲው ውስጥ እፍኝ ገብስ ይጨመርና ጎኑ በእጅ ይመታል፣ እነሱም ሰምተው ይመጣሉ። የአባቴ አመታት ቀስ ያለ ነው፣ ራሱን ይመስላል። የእኔ እንደ በረዶ ይወርዳል። እናቴ «ምላስሽን አውሰሽው ነው» ትለኛለች፣ እውነቷን ነው። ዝምታ የሚያምርበት ሰው አለ፤ እኔ ግን ዝም ካልኩ ታመመች ተብሎ ሐኪም ይጠራልኛል።

ታናሽ ወንድሜን ማሙሽ ነበር የምንለው። ጢም አብቅሎም፣ አባቴን በቁመት በልጦም፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቶም ማሙሽ ነበር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ፤ እኔ ነገረኛ ስሆን እሱ ሳቂታ ወጣ። ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ከከተማ ሲመለስ ዝናብ ያራሰው መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌቱ አንሸራተተው። ይኸው ነው፣ ሌላ ታሪክ የለውም። ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ሌላ የምጨምረው ያለ ይመስል ትንሽ አስባለሁ፣ ከዚያ የለም እላለሁ።

አሁን የማወራው ግን ስለ አንድ በግ ነው፤ ስለ በጉ ለማውራት ደግሞ ስለ ቆዳ ማውራት አለብኝ። የእኛ በጎች ሜሪኖ ናቸው። ሱፋቸው ቀጭን ነው፣ ሕፃን ልጅ ገላ ላይ ቢውል አይኮሰኩስም። ጣጣቸው ቆዳቸው ነው። ብዙዎቹ ከልካቸው በላይ የሰፋ ቆዳ ይዘው ይወለዳሉ፤ አንገታቸው ላይና ጅራታቸው ስር ይሸበሸባል። ሽብሽቡ ውስጥ እርጥበት ይጠራቀማል፣ ዝንብ እንቁላሉን ይጥልበታል፣ ከዚያ ትሉ በጉን ከነነፍሱ ይበላዋል። ለዚህ ሰው ያገኘለት መላ መቀስ ነው። ግልገሉን በጀርባው አጋድመው የጅራቱን ዙሪያ ቆዳ ገሽልጠው ያነሱለታል፤ ጠባሳ ላይ ሱፍ አይበቅልም፣ ዝንብም አይጠጋውም። የሚያደነዝዝ አለ፣ የማያደነዝዝም አለ።

አባቴ በልጅነቱ ግልገሎቹን ለመቀሱ እንዲይዝ ይታዘዝ ነበር። እንዴት እንደነበር የነገረን አንድ ቀን ብቻ ነው። «ከተቆረጡ በኋላ እናታቸው ስር ቆመው ይንቀጠቀጣሉ» አለን፣ «እኔ ደግሞ አጥሩ ስር ቆሜ እንቀጠቀጣለሁ።» መሬቱ ለእሱ ሲደርሰው ሁለት ነገር ማለ። በዚህ ግቢ መቀስ ሱፍ እንጂ ቆዳ አይነካም። የማይድን እንስሳም እየተሰቃየ አያድርም።

መሐላ ቀላል ነው፣ ሥራው ነው ጉዱ። ቆዳ ሳይቆረጥ ትልን ለማምለጥ ቆዳው ለስላሳ የሆነ በግ ማራባት ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የአንድ ዓመት ነገር አይደለም። አባቴ ግልገሎቹ ጡት በሚጥሉበት ወቅት እያንዳንዱን ያቆምና መዳፉን አንገቱ ላይ፣ ከዚያ ጅራቱ ስር ያሳርፋል። ዓይኑን አያምንም፣ መዳፉን ነው የሚያምነው። «ለስላሳ ነው» ያለው መንጋው ውስጥ ይቀራል፣ «ሽብሽብ ነው» ያለው ለሥጋ ይሸጣል፣ አይራባም። ሽብሽብ በግ ብዙ ሱፍ ስለሚሰጥ ጎረቤቶቻችን ሳቁበት። ሱፍ ጠልቶ በግ ያረባል አሉት። እሱ ዝም ብሎ መዳፉን እያሳረፈ ኖረ፤ እኔ ለአካለ መጠን ስደርስ መንጋችን ውስጥ ትል የያዘው በግ ማግኘት ብርቅ ሆነ። ጸጉሩን ያሸበተበት ነገር ይኼ ነው። ሌላ የሚኮራበት ነገር አላውቅበትም፣ ከማሙሽ በቀር።

ማሙሽ በሞተበት ዓመት አንዲት አንድ ሐሙስ የቀራት አሮጊት በግ ወልዳ ሞተች። ግልገሉ ወንድ ነው። አንዳንዴ ከድሮው ደም እንዲህ ያለ ብቅ ይላል፤ ፊቱ እስከ አፍንጫው ተሸብሽቧል፣ አንገቱ ላይ ቆዳው ሦስት ጊዜ ተደራርቧል። ማሙሽ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አስገብቶ በጡጦ ያሳድገው ጀመር። ስሙንም ሽማግሌው አለው።

«አባዬ፣ ይኼ ሰውዬ እኮ በዕድሜ ይበልጥሃል፣ አንቱ በለው እንጂ» ይለዋል።

«ጡት ሲጥል ይሄዳል» ይላል አባቴ፣ ሳቁን እየዋጠ።

«አውቃለሁ፣ ማን ይቅር አለ? እስከዚያ ግን እንግዳ ነው። እንግዳ አይራብም።»

ወተቱ ሲደርስ ማሙሽ አሮጌውን ሰማያዊ ባልዲ ይመታል፤ ሁለቴ ፈጥኖ፣ አንዴ ዘግይቶ። ያቺ መዘግየት ለማሾፍ ናት። ሽማግሌው ሁለቱን ሲሰማ ከተኛበት ይነሳል፣ ጆሮውን ቀስሮ ሦስተኛውን ይጠብቃል፣ ማሙሽ ያስጠብቀዋል፣ ሦስተኛው ሲመጣ በዚያ በቀጭን እግሩ ይፈተለካል። እናቴ በወጥ ቤቱ መስኮት እያየች በሳቅ ትሞታለች። ይኼ ጠዋትም ማታም የቤታችን ደወል ነበር። ሌሎቹ በጎች ቀና ብለውም አያዩም፣ የእነሱ እንዳልሆነ ያውቃሉ።

ከዚያ ያ መንገድ መጣ።

ከቀብሩ በኋላ እናቴ በግ ያለበት ሄዳ አታውቅም። የወጥ ቤቱን መስኮት መጋረጃ ዘጋች፣ ሥራዋን በአምፖል መብራት መሥራት ጀመረች። ሰማያዊውን ባልዲ አባቴ መጋዘኑ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀለው። አትንኩት ያለን የለም፣ ግን ማንም አልነካውም። ሽማግሌውን እኔ በሌላ ዕቃ፣ ያለ ምንም ድምፅ አጠጣሁት።

ግልገሎቹ ጡት የሚጥሉበት ጊዜ ደረሰ። እኔ አንድ በአንድ አመጣለሁ፣ አባቴ መዳፉን ያሳርፋል። ለስላሳ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሽብሽብ ነው፣ ለስላሳ ነው። የሽማግሌው ተራ ደረሰ። አባቴ መዳፉን አንገቱ ላይ ሲያሳርፍ ጣቶቹ ቆዳው መሃል ገብተው ጠፉ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ለስላሳ ነው» አለ።

ያንን ሰው በሕይወቴ ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም። እኔም ምላሴ ተያዘ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል። የበሩን መቀርቀሪያ ከፍቼ ሽማግሌውን ከሚቀሩት ጋር ቀላቀልኩት። አንድ በግ ምን ያመጣል፣ ይኑር፣ አባቴ እሱን እያየ ይጽናና ብዬ ነበር። ለሐዘን ማስታመሚያ በግ ማቆየት ማንንም አይጎዳም፤ ለማራባት እንደሆነ በምን ልወቅ።

አድጎ አውራ ሲሆን አባቴ እናት በጎቹ ያሉበት አጥር ውስጥ ሲያስገባው ደረስኩ።

«አባዬ፣ ይኼን በግ ልታስጠቃ ነው?»

«ምን አለበት?»

«ምን አለበት ትለኛለህ እንዴ? መዳፍህን ጠይቀዋ።»

«ልጄ የመረጠው ነው።»

«ማሙሽ አዘነለት እንጂ አልመረጠውም። እንግዳ ነው አላለህም? ራሱ ቢያይህ ይቆጣህ ነበር።»

«ማሙሽ ተቆጥቶ አያውቅም» አለና በሩን ዘጋው። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እናቴ ዘንድ ሄጄ ብነግራት «ተይው፣ እሱ በዚያ ይተንፍስ» አለችኝ፣ እጇን ከሳሙናው ሳታወጣ።

ግልገሎቹ ተወለዱ። እኔ አዋላጅ ነኝና መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ። ገና ከእናታቸው ሲወጡ ያንን ሽማግሌ ፊት ይዘው ነው የወጡት። ሁሉም አይደሉም፣ ግን ብዙዎቹ። አባቴ እያንዳንዱን አቅፎ ያደርቀዋል፣ መዳፉን ግን አያሳርፍም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ ከሙቀት ጋር ተባብሮ መጣ፣ ዝንብ የሚወደው አየር ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ የግልገሎቹን ጅራት ዙሪያ ሱፍ መሸለት ጀመርኩ፤ መድኃኒት እቀባለሁ፣ እያንዳንዱን ጠዋት ማታ አገላብጬ አያለሁ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ። አንዱን አድኜ ስመለስ ሌላው ጥግ ይዞ መሬት በእግሩ እየመታ ጅራቱን ይነክሳል። የሞቱ አሉ። ትል የበላውን ግልገል የታቀፈ ሰው ሽታውን ከልብሱ ያወጣዋል እንጂ ከአፍንጫው አያወጣውም።

የእንስሳት ሐኪሟ መጥታ አየችና አባቴን ለብቻው አነጋገረችው። እኔም ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ፣ ማን ይከለክለኛል። «አባባ፣ ሁለት ነገር ነው ያለው» አለችው። «ወይ አደንዝዘን እንቆርጣቸዋለን፣ ወይ ቀዝቀዝ እስኪል እንዲህ እየታከሙ ከርመው ይሸጣሉ፣ አይራቡም። እርስዎ የሚያውቁትን ነው የምነግርዎት።»

አባቴ መጋዘን ገብቶ መቀሱን አነሳ። ተከትዬው ገባሁ። ከማሙሽ በግ የተወለዱትን ለማቆየት እንደሆነ ገብቶኛል፤ ከተቆረጡ መቆየት ይችላሉ። አንዱን ግልገል አቅፌ ያዝኩለት። መቀሱን ይዞ ቆመ፣ ቆመ። መልሶ ሰቀለው። «ይሸጡ» አለ። «ሽማግሌው ግን ይቆያል።» እሺ አልኩት። እሱ አውራነቱ ይቅርና እንደ ጡረተኛ ይቀመጥ፣ ማን ይጠላል፣ እኔም እኮ እወደዋለሁ።

ግን ዝንብ ጡረታ አያውቅም። ሽማግሌው አንገቱን አጥር ላይ ሲያክክ ሽብሽቡ መሃል ቆስሎ ኖሯል፤ ከላይ ሱፉ ንጹሕ ስለሆነ ሁለታችንም አላየንም። ያሳወቀኝ ሽታው ነው። ሱፉን ሸልቼ ቆዳውን ገለጥ ሳደርግ ያየሁትን አልናገርም። አጠብነው፣ ትሉን ለቀምነው፣ ሐኪሟ መርፌ ወጋችው። ሊድን አልቻለም። መመገብ አቆመ፣ ትኩሳቱ አልወርድ አለ።

«ደሙ ተመርዟል» አለች ሐኪሟ። «ከእንግዲህ የምንጨምርለት ሥቃይ ነው። ዛሬ ቢያርፍ ይሻላል፣ አባባ።»

«ነገን እንየው» አለ አባቴ።

በማግስቱም ነገን እንየው አለ። እዚህ ላይ ነው እኔ ያበድኩት።

«የማይድን እንስሳ አያድርም ያልከው አንተ ነህ። እኔ ልጅ ሆኜ ያቺ እግሯ የተሰበረች በግ ትደር ብዬ ሳለቅስ ምን አልከኝ? የምታለቅሺው ለራስሽ ነው ወይስ ለእሷ አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ አንተ ለማን ነው የምታስቀምጠው?»

አጥሩ ላይ ተደገፈ። «እጁን የሚያውቀው እሱ ብቻ ቀርቶኛል» አለኝ። «ሌላ ማን አለ የልጄን እጅ የሚያውቅ?»

«እኔስ?» አልኩት። «አዝዬው ያደግኩት እኔስ አባዬ? ያቺ ወጥ ቤት በሯን ዘግታ የተቀመጠችውስ? እኛ እጁን አናውቀውም?»

አባቴ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር፣ ቀብሩ ላይ እንኳን። ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እኔም አጠገቡ ቆሜ አለቀስኩ፣ አንጀቴን በላው። ከዚያ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና «ሐኪሟን ጥሪያት» አለኝ።

ሐኪሟ ጠዋት ስትመጣ ሽማግሌው ጉረኖው ውስጥ የለም። የታመመ በግ መሸሸግ ይወዳል፤ ከጅረቱ ማዶ ቁጥቋጦው ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። ስንጠጋው እየተንገዳገደ ይሸሻል፣ ስንቆም ይወድቃል። በባልዲዬ ጠራሁት፣ አባቴም በራሱ አመታት ጠራው፣ ቀና አላለም። ገመድ ላምጣ አልኩ።

«በገመድ ተጎትቶ አይሄድም» አለ አባቴ። «ከዚህ ግቢ ማንም እየፈራ አልወጣም።»

«እሺ ምን እናድርግ?»

ወደ መጋዘኑ ሄደ። ሰማያዊውን ባልዲ ይዞ ተመለሰ፤ አቧራውን በሸሚዙ ጠርጎታል፣ ገብስ ጨምሮበታል።

«እናትሽ የት ናት?»

«ወጥ ቤት። ሄጄ ልንገራት?»

«ምን ብለሽ?»

ሳልነግራት ቀረሁ።

አባቴ ጅረቱ ዳር ተንበርክኮ ባልዲውን መታ። ሁለቴ ፈጥኖ። ቁጥቋጦው ተነቃነቀ፣ ያ የተሸበሸበ ፊት ብቅ አለ፣ ጆሮው ተቀሰረ። አባቴ ማስጠበቅ አላሰበም፣ እጁ ነው እምቢ ያለው። ከዚያ አንዴ መታ። ሽማግሌው መጣ። ሊሮጥ ሞከረ፣ እግሩ እየተጠላለፈ፣ ጅረቱን ተሻግሮ በቀጥታ መጣ። የአባቴን ሱሪ አሸተተ፣ ከጀርባው ያለውን አየ፣ ግራና ቀኙን አየ። የሚፈልገውን ሲያጣ ግን አልሄደም፣ አፉን ባልዲው ውስጥ ከተተ። ስንት ጊዜ እምቢ ያለውን ገብስ መብላት ጀመረ።

አባቴ መዳፉን ጤነኛው የአንገቱ ጎን ላይ አሳረፈ። ጣቶቹ ገቡ።

«ሽብሽብ ነው» አለኝ። «ያኔም ሽብሽብ ነበር።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«ማሙሽም ያውቅ ነበር» አለ። ለሐኪሟ ራሱን ነቀነቀላት። መርፌውን ከሌላው ወገን በቀስታ ወጋችው፣ እሱም መብላቱን አላቋረጠም። ጉልበቱ ሲከዳው አባቴ ደግፎ አስተኛው። ገብሱ አፉ ውስጥ ነበር። ምንም አልፈራም፣ ይኼን በዓይኔ አይቻለሁ፣ የሚጠይቀኝ ካለ እመሰክራለሁ።

ቀና ስል የወጥ ቤቱ በር ተከፍቷል። እናቴ ከበሩ ወጥታ ግቢው መሃል ደርሳለች፣ በአንድ እግሯ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ባዶዋን። ክንዷ እስከ ክርኗ ሳሙና ነው። በሩጫ ነው የወጣችው። ሳቋ ገና ከፊቷ አልሄደም ነበር። ያንን ሳቅ ማሙሽ ከሞተ ወዲህ አላየሁትም። እኛን አየች፣ ባልዲውን አየች፣ መሬት የተኛውን አየች፣ ሳቋም ቀስ እያለ ሄደ።

«ይቅር በይኝ» አላት አባቴ ተነስቶ። «በሌላ አልመጣ አለኝ። እንደምትሰሚ አውቅ ነበር። ይቅር በይኝ።»

በአንድ ጫማዋ እየረገጠች መጣች፣ ሽማግሌው ራስጌ መሬቱ ላይ ተቀመጠች፣ ሳሙና ባለበት እጇ ግንባሩን ደባበሰችው። ሐኪሟ ዕቃዋን ሰብስባ ራቅ አለች። አባቴ ባልዲውን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ደረቱ ላይ ይዞታል።

«ደግመህ ምታው» አለችው።

«ምን?»

«አንዴ ብቻ። ልስማው።»

አባቴ አየኝ። አጠገቧ ተንበረከከ። ሁለቴ መታው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ሦስተኛውን ጠበቀች።